ሐምሳ ኪሎና ሰፊ ቸርኬ

ቀጭን ሰው ምክር አይሰማም። ወፍራም ሰው ወንበር ሲመርጥ እንኳ ይጠነቀቃል፤ እኛ ቀጭኖች ግን ነፋስ ለሌላ ሰው የተፈጠረ ይመስለናል። እኔ ከነጫማዬ ሐምሳ ኪሎ ነኝ። የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ ሳይሆን ለነገሩ ስለሚያስፈልግ ነው።

ከሚሴ ላይ ብስክሌት የሚጠግነው ሰይድ ለኮርስ ብስክሌቴ ሁለት ዓይነት ቸርኬ አሳየኝ። አንዱ ጠባብ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው። ሌላው ጎኑ መዳፍ የሚያህል፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ። ሰይድ፣ ወላሂ ይሄ ላንተ አይሆንም፣ የጨፋ ሜዳ ነፋስ በጎን ሲመጣ እንደ ድንኳን ሸራ ነው የሚይዘው፣ አንተ ደግሞ የምትከብድ ሰው አይደለህም አለኝ። ቢያንስ ከፊት ጠባቡን አድርግ ብሎ ለመነኝ። እኔ ግን በዚያ ሳምንት መታየት ነበረብኝ። ዘሃራን እንዲሰጡኝ ሽማግሌ ልኬ፣ አባቷ ሐጂ ኡመር "እስኪ ልጁን ልየው" ብለው ነበር። ታዲያ የሚታይ ሰው ጠባብ ቸርኬ ይመርጣል?

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጨፋ ሮቢት ወጣሁ። ሜዳው ላይ ስደርስ ነፋሱ ከጎን መጣ። የፊት ጎማው እኔን ሳያማክር ወደ አስፋልቱ መሐል ሄደ፤ መለስኩት፤ ወደ ቦዩ ሄደ። ከኋላዬ የጭነት መኪና ጡሩምባውን ለቀቀው። ሲያልፈኝ ነፋሱን ለአፍታ ጋረደልኝ፤ እንዳለፈ ያ የተጋረደው ሁሉ ባንዴ መጣብኝ። መሪውን ጣቶቼ እስኪነጡ ጨበጥኩ። የማውቀውን ዱዓ ጨርሼ፣ ሰው ሲያደርግ የሰማሁትን ጀመርኩ። ፈርቼ ነበር፣ በጣም።

ይኼኔ ሐጂ ኡመርን ከመንገዱ ዳር በሬያቸውን ይዘው ቆመው አየኋቸው። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሰላም ሲልህ፣ ቀኝ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ፣ ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ጠይቀህ ነው የምታልፈው። ዝም ብሎ ላለፈ ልጅ አይሰጥም። ሐጂ ከሩቁ "አሰላሙ አለይኩም፣ አካም ቡልቴ?" ብለው እንዴት እንዳደርኩ ጠየቁኝ። እስቲ እናንተው ፍረዱ፤ እጄን ባነሳ ነፋሱ እኔን ይወስደኛል፣ ባላነሳ ዘሃራን ሌላ ይወስዳታል።

አነሳሁ። "ወአለይኩም" ብዬ ገና ሳልጨርስ ብስክሌቱ ከሥሬ ወጣ። አስፋልቱን በክርኔ እየፋቅሁ ሄጄ ሐጂ እግር ሥር ተደፋሁ። ለመነሳት ስንፈራገጥ እጄ የገባው ጉልበታቸው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ መልስ ይዘው መጡ። ክርኔን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ያበቃልኝ መስሎኝ ነበር የተቀበልኳቸው። ሐጂ ዘሃራን ሰጥተውኛል። ልጅ ታላቁን በማያይበት በዚህ ዘመን፣ ጉልበቴን ለመሳም ብስክሌቱን ጥሎ እንዲህ የሚደፋ አደበኛ ከየት ይገኛል ብለዋል አሉ። እኔ ማን ነኝና ሐጂን አርማለሁ?

ቸርኬውን በማግስቱ በጠባቡ ቀየርኩት። ተመስገን፣ አሁን ነፋስ አይጥለኝም። ችግሩ፣ ሐጂ በዚያ መንገድ ስመጣ ባዩኝ ቁጥር ምርኩዛቸውን ወደ ጎን ያደርጉና ጉልበታቸውን አስተካክለው ይጠብቁኛል።