ከመሻገር በፊት ይቅርታ

ቀዛፊ ተምሮና ተፈትኖ ይቅዘፍ ስል ፍኖተ ሰላም ላይ የሚስቁብኝ ሰዎች አሉ። ለመሆኑ ዓባይን ተሻግረው ያውቃሉ? ከቡሬ በታች ያገኘሁት ቀዛፊ ታንኳውን በበርበሬ ጆንያ ሞልቶ፣ እኛን ከላይ ደረደረና፣ "የተቀያየማችሁ ይቅር ተባባሉ፤ ታንኳ የሚያሰምጠው ቂም ነው" አለን። ትምህርቱ ይኸው ነበር። ውሃው ግን የታንኳውን ጠርዝ ሊያልፍ ጣት ያህል እንኳ አልቀረውም።

"እኔ አንተን ተቀይሜሃለሁ" አልሁት።

"ምን በደልሁዎ ጌታዬ?"

"ጆንያዎቹ ካልወረዱ ይቅር አልልህም።"

ሕፃን ያዘለች ሴት፣ "ኧረ ይተዉት፣ በቂምዎ ልጄን ሊያሰምጡብኝ ነው" ብላ ተቆጣችኝ። ንቅንቅ አላልሁም። ቀዛፊው ከዳር ትቶኝ እንዳይሄድ፣ በራሱ አባባል ቂሜ ተከትሎ ያሰምጠዋል። እያጉረመረመ ጆንያዎቹን አወረደ።

ማዶ በደኅና ስንደርስ፣ "እንግዲህ ይቅር ይበሉኝ" አለ።

"ነገ ስመለስ፣ ጭነትህን አይቼ" አልሁት።