የይበልጣል ሐሙስ

ደብረ ታቦር ውስጥ ስንት ሰዓት እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ሰው አንድ ሰው ብቻ ይጠይቅ። ሁለት ከጠየቀ ጉድ ፈላ። የመናኸሪያው ሰዓት ሌላ፣ የቢሮው ግድግዳ ሰዓት ሌላ፣ ቀጥሮ የሚያስጠብቃችሁ ወዳጃችሁ ሰዓት ደግሞ ከሁሉም ሌላ ነው። በዚያ ላይ አንዱ በእኛ ይቆጥራል፣ አንዱ በፈረንጅ። ቢሆንም ተላምደናል። «ሦስት ሰዓት እንገናኝ» ያለን ሰው አራት ላይ ብቅ ሲል «ደህና ደረስክ» ብለን እንቀበለዋለን፤ ማንም በዚህ ተጣልቶ አያውቅም።

ኮምፒውተር ግን ይሉኝታ የለውም። እኔ እዚሁ ከተማ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ኔትወርኩን የምጠብቅ ሰው ነኝ፤ ከሥራዬም አንዱ የማሽኖቹን ሰዓት አንድ ማድረግ ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት «ሰዓት መሙላትም ሥራ ሆነ?» ብላ እስኪበቃት ሳቀችብኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱ ሰዓት አለው፤ ለብቻው ከተተወ ወይ ይፈጥናል ወይ ይዘገያል። ስለዚህ በየጊዜው ሰርቨር የምንለውን ዋናውን ማሽን «ስንት ሰዓት ነው?» እያለ ይጠይቃል። ሰርቨሩ ደግሞ በኢንተርኔት አድርጎ፣ ሩቅ አገር ያለ ከእሱ የሚበልጥ ሰዓት ይጠይቃል። ይህ መጠያየቅ ከቀረ፣ ገና ነገ የሚጻፍ ደብዳቤ ዛሬ ደርሶ ታገኙታላችሁ።

ከዚያ ኢንተርኔቱ ጠፋ። ለምን ጠፋ አትበሉኝ፤ ጠፋ። ሰርቨሩ የሚጠይቀው ቢያጣ፣ በየሰኞው እጅጌዬን ሰብስቤ ከእጅ ሰዓቴ እያየሁ እሞላለት ጀመር። የአንድ ኮሌጅ ሰዓት በሙሉ የእኔ እጅ ላይ ወደቀ እላችኋለሁ።

ይህ ነገር ከሁሉ ይበልጥ ያሳቀው ይበልጣልን ነው። ይበልጣል የፊዚክስ ላቦራቶሪ መምህር ነበር፤ ረጅም፣ ቀልደኛ፣ ሲስቅ ኮሪደሩን የሚሞላ። «አንተ በራበህ ቁጥር ሰዓቱን እያስሮጥክ እኛን ሁሉ ምሳ ልታስበላን ነው?» ይለኝ ነበር። አንድ ቀንም የላቦራቶሪውን ኮምፒውተር ከሰርቨሩ ሰዓት ነጥሎ «ከዛሬ ጀምሮ እኔ በራሴ ሰዓት ነው የምኖረው» ብሎኝ ሄደ። ተውኩት። ለአንድ ማሽን ብዬ ከወዳጄ ጋር አልነታረክም።

ለመስቀል እናቱ ዘንድ ሊሄድ ሲል፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ቢሮዬ ብቅ አለ። ፈተናውን ጨርሶ ሰርቨሩ ላይ እንዳስቀመጠው ነገረኝና «እስክመለስ ያቺን ሰዓትህን አሠራት» ብሎ እየሳቀ ወጣ። የእናቱ ቤት ከእብናት ወዲያ ገጠር ነው። ያን ሰሞን መኪና አልነበረም፤ በእግሩ አቋራጩን ያዘ። የርብ ወንዝ ሞልቶ ነበር።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ፣ ከማዶ ከብቱን ሲመልስ የነበረ አንድ ገበሬ፣ ቦርሳ ያነገተ ረጅም ሰው ወንዙን ሊሻገር ገብቶ ውሃ ሲወስደው አየ። ጮኸ፤ አገር ተሰበሰበ፤ ወጣቱ ሁሉ ዳርና ዳር ይዞ እስከ ታች ድረስ ፈለገ። ምንም አልተገኘም። ስልክ አይሠራ፣ ተደውሎ አይጠየቅ፤ ወሬው እኛ ዘንድ የደረሰው በሰው በሰው ነው። እንዴት እንደሰማሁት አሁን ብጠየቅ መናገር አልችልም፤ ግድግዳ ተደግፌ መቆሜን ብቻ አስታውሳለሁ።

እናቱ ወይዘሮ አንጓች ልቅሶ ሊቀመጡ ሲሉ ነው ነገሩ የተበላሸው። ሰሎሞን የሚባል የላቦራቶሪ ባልደረባው የፈተናውን ጥያቄ ፍለጋ የይበልጣልን ኮምፒውተር ቢከፍት፣ የተጻፈበት ቀን በፈረንጁ ቁጥር ተቀምጧል። ወደ እኛ መለሰው። ሐሙስ ሆነ። ደግሞ ቆጠረ፤ ሐሙስ። ሰሎሞን ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ አላስቀምጥ ብሎት ወሬውን ለዘመዶቹ አደረሰ። ወይዘሮ አንጓችም የተተከለውን ድንኳን አስነቀሉ። ካህናቱን ፍትሐት እንዳያደርጉ ለመኑ። «ረቡዕ ውሃ የወሰደው ሰው ሐሙስ ቁጭ ብሎ አይጽፍም። ገበሬው ያየው የሌላ እናት ልጅ ነው። የኔስ መንገድ ተዘግቶበት አንድ ቦታ ተቀምጧል» አሉ።

ከወንድማቸው ጋር ሆነው ደብረ ታቦር መጡ። ቢሮዬ በር ላይ ቆመው፣ ገና ሳልነሣ፣ «የሰዓቱ ሰው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ እማማ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም ልጄ። ይበልጣል ሐሙስ ሲሠራ ውሏል አሉኝ። እውነት ነው በለኝና ልሂድ።»

ላቦራቶሪው ድረስ አብረን ሄድን። ኮምፒውተሩን ስከፍት፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ምነው በሆነ ብዬ ተሳልኩ። ገና እንደተከፈተ ግን ዓይኔ ማዕዘኑ ላይ ካለው ቀን ላይ ዐረፈ። ማሽኑ የነገን ቀን ይዞ ቁጭ ብሏል። ወዲያው ገባኝ። መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ ባትሪው ደክሞ ቀኑ ጠፍቶበት፣ ይበልጣል ራሱ ነው ከእኛ አቆጣጠር እያሰላ የሞላው። ዓምና አዲሱ ዓመት ሲገባ ጳጉሜ ስድስት ቀን ስለነበረች፣ መስከረም አንድ በፈረንጁ አሥራ ሁለት ላይ ዋለች፤ ዘንድሮ ወደ አሥራ አንድ ተመልሳለች። እሱ በዓምናው ሒሳብ ሄዷል። ሰርቨሩን ባይ፣ ፈተናው ረቡዕ ጠዋት ገብቷል፤ ሐሙስ ይበልጣል የለም።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁና ታዘቡኝ። ሰርቨሩ ከእኔ ሌላ የሚጠይቀው የለም። አንድ ቀን ወደፊት ብገፋው የኮሌጁ ማሽን ሁሉ ተከትሎት ይሄዳል፤ ሁሉም ከይበልጣል ጋር ይስማማል፤ እኒህ እናት ሐሙሳቸውን ይዘው ይሄዳሉ። እጄ ሄዶ ነበር። ግን እስከ መቼ? እስከ ስንት ዓመት በር በሩን እያዩ ሊኖሩ ነው? ልጁስ ያለ ፍትሐት?

በጨዋ አማርኛ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ጳጉሜን ነገርኳቸው፣ ባትሪውን ነገርኳቸው።

«እናንተ ሁላችሁ ተሳስታችሁ፣ እሱ ልክ ሊሆን አይችልም?» አሉኝ። «ይበልጣል እኮ ከልጅነቱ ጀምሮ በሒሳብ የሚስተካከለው አልነበረም።»

ዕንባዬ መጣ። «አይችልም እማማ» አልኩ። ከአፌ እንዲህ ያለ ክፉ ቃል ወጥቶ አያውቅም።

ወንድማቸው ክንዳቸውን ሊይዙ ሲሉ ገፋ አደረጓቸው። ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ ብለው ማዕዘኑ ላይ ያለችውን ቀን በጣታቸው ነኳት፤ ማንበብ እንኳ አይችሉም።

«ይቺ ናት የተሳሳተችው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አስተካክልለት። ልጄ ከሰው ተለይቶ ብቻውን አይቅር።»

ማሽኑን ወደ ሰርቨሩ መለስኩት። ጠየቀ፤ ተነገረው፤ ቀኗ አንድ ወደ ኋላ ተመለሰች። ከዚህ የበለጠ ነገር የለውም፤ ለዓይን እንኳ አይሞላም።

«አሁን ከሁሉም ጋር አንድ ሆነ?» አሉኝ።

«ሆነ እማማ።»

ወንድማቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ወይዘሮ አንጓች ቀና ብለው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።