የአቶ ስጦታው ጥርጣሬ

በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የሚያፈጥኑ ዐሥር ቢኖሩ፣ ሥራ የሚያስቆም አንድ አይጠፋም። ሞጣ ያለው ትንሹ የእንስሳት ክትባት ቤተ ሙከራ ደግሞ የእነዚህን ሁሉ አለቃ፣ ሊቀ ጠርጣርያን የጥራት ተቆጣጣሪውን አቶ ስጦታውን ታድሏል። ሚስታቸውን ሲያጩ፣ ቤተሰቡ እሺ ካለ በኋላ ዳግም ሽማግሌ ልከዋል ይባላል፤ የመጀመሪያው እሺታ አላሳመናቸውም።

ተመራማሪዋ ብሩክታይት ክትባት ተሸክመው በጎች ሰውነት ውስጥ የሚገቡ፣ በዐይን የማይታዩ ናኖ ቅንጣቶች ትሠራለች። መጠናቸውን ለካች፤ «ይደገም» አሉ አቶ ስጦታው። በላያቸው ያለውን የኤሌክትሪክ ቻርጅ ለካች፤ «ይደገም»። «ሲቀመጡ ተጓጉለው ይሆናል» ብለው ሦስት ቀን አቆይተው አዩ። አልተጓጎሉም። ቅር ያላቸው መሰሉ።

ሰኞ ቢቸና ላይ የሙከራው በጎች ይጠብቃሉ። ብሩክታይት ተወልዳ ያደገችበት ነው፤ ገበሬዎቹን ያሳመነችው ራሷ ናት። ዐርብ ከሰዓት አቶ ስጦታው በሩ ላይ ቆሙ።

«በቤተ ሙከራው ሳህን ላይ የበጎቹ የመከላከያ ሴሎች የነቁት በቅንጣቶቹ ነው?»

«ታዲያ በምን ሊሆን ነው፣ ጋሽ ስጦታው?»

«ቅንጣት የሌለበትን ውሃ ብቻ ጨምሬ አየሁ። ያው ነቁ።»

ቅንጣቶቹን የበጠበጠችበት ውሃ ውስጥ የሞቱ ባክቴሪያዎች መርዝ ነበረበት፤ በጎቹ ቢወጉት ኖሮ በትኩሳት ይነዱ ነበር። ስምንት ወር የደከመችበት ውጤት የውሃ ቆሻሻ ሥራ ኖሯል። ቅዳሜና እሑድ እህል አልቀመሰችም። በሚያውቋት ሰዎች ፊት ምን ብላ ትቆማለች?

ሰኞ አቶ ስጦታው ሳይጠሩ አብረዋት ሄዱ። ሙከራው መራዘሙን እንደተናገረች፣ የገበሬዎቹ ተወካይ አቶ ባዘዘው ተነሡ።

«ጥፋቱ የማን ነው?»



«የእኔ ነው» አሉ አቶ ስጦታው። «ውሃውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።»

አንዲት ነጥብ ስትዛነፍ እንቅልፍ የሚያጡት ሰው ዐይናቸውን በጨው አጥበው ዋሹ!

«የለም» አለች ብሩክታይት። «ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። እሳቸውማ ስሕተቱን ያገኙት ናቸው።»

አቶ ባዘዘው ሁለቱንም በየተራ አዩአቸው። «በጎቻችን ከተረፉ ምን ቸገረን? ስትጨርሱ ኑ።»

ወደ ሞጣ ሲመለሱ አቶ ስጦታው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው አኮረፉ። በዕድሜያቸው የሞከሯትን አንዲት ውሸት አበላሽታባቸዋለች። ስምንት ወር ሙሉ በሆዷ ስትረግማቸው የኖረችው ብሩክታይት ግን መንገዱ እንዲረዝም ተመኘች።