ሳንቃ ስቀይር የቆሙብኝ ሰው

መዶሻ በተነሣበት ሁሉ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚያዝ አንድ ሰው አይታጣም። ሠፈር ውስጥ ቧንቧ ቢፈነዳ ከሠራተኛው ቀድሞ ይደርሳል። እኛ የባሕር ዳር ባለጀልባዎች ደግሞ ክቡር ጋሽ አንዳርጋቸው አሉን፤ ከፋብሪካ ጡረታ ወጥተው ሐይቁ ዳር የተሾሙ። ማን እንደሾማቸው አይታወቅም።

የጀልባዬ የኋላ ሳንቃ፣ ሞተሩ የሚታሰርበት፣ በስብሶ በጣት ሲነኩት እንደ እርጥብ ዳቦ ይፈርስ ነበር። አዲስ ኮምፔርሳቶ ገዝቼ አሮጌውን መንቀል ስጀምር ጋሽ አንዳርጋቸው ከች አሉ።

«እኔ ብሆን በዚያኛው በኩል ነበር የምጀምረው።»

ዞርሁ።

«እኔ ብሆን ጭራሽ አልዞርም ነበር።»

ኮላ ስቀባ በዛ አሉ፤ ስቀንስ አነሰ አሉ። ነፋስ ባርኔጣቸውን ሲወስደው እንኳ ለነፋሱ በየት በኩል መንፈስ እንደነበረበት ነገሩት።

እንደ ምንም ሳንቃው ገጠመ፣ ደረቀ፣ ተቀባ። ባለቤቴን ማህሌትን ይዤ ለሙከራ ወጣሁ። ከዳር እንደራቅን ሞተሩ ድንገት ወደ አንድ ጎን ዘመመ። አጠፋሁት። ነፋሱ ወደ ውስጥ ይገፋን ጀመር። ማህሌት ዋና አትችልም።

«ሳንቃው ነው?» አለችኝ።

ሞተሩን በሁለት እጄ ደግፌ ያዝሁ።

ያን ጊዜ የዓሣ አጥማጁ የሣህሉ ጀልባ ወደ እኛ ሲመጣ አየን። መሐሉ ላይ ጋሽ አንዳርጋቸው ተቀምጠዋል፤ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ። «ግራ! ግራ በል!» ይላሉ፣ ምንም ሳያዩ።

«ስትቆሙ ከዳር አይተው ጮኹብኝ» አለኝ ሣህሉ ገመድ እየወረወረ። «ብቻዬን ልሂድ ብላቸው እምቢ አሉ። ጋሼ እኮ ውኃ ይፈራሉ፤ በዕድሜያቸው ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም።»

ጎትቶ አወጣን። የላላው አንድ ብሎን ብቻ ነበር፤ ሳንቃው ንቅንቅ አላለም። መሬት ስንረግጥ ጋሽ አንዳርጋቸው ዛፍ ተደግፈው ቁርሳቸውን ካስመለሱ በኋላ አፋቸውን ጠረጉና፣ «እኔ ብሆን ዛሬ አልወጣም ነበር» አሉ።

በማግስቱ ብሎኑን ልቀይር ወረድሁ። ጋሼ የሉም። መፍቻውን አነሣሁ፣ መልሼ አስቀመጥሁ፣ ወደ መንገዱ አየሁ። ሥራው አልሄድ አለኝ። ረፈድ ሲል ከዛፎቹ መሐል ብቅ አሉ። ቶሎ ብዬ መፍቻዬን አጣምሜ ያዝሁ፤ ሲደርሱ የሚያርሙት እንዳያጡ።