ማዳበሪያ የተፈቀደለት ገጣሚ

ቀበሌ ግልጽነት የለውም የምትሉ ሰዎች፣ እናንተ መሰላል የላችሁም ማለት ነው! የእኛ ቀበሌ በድጎማ ማዳበሪያ የሚያገኙ ሰዎችን ስም በአደባባይ ለጥፏል። እርግጥ የለጠፈው ከጣሪያው ሥር ነው… ፍየል እንዳይበላው ነው አሉ።

ዝርዝሩ ወጣ ሲባል አባቴ ከዘንገና ማሳቸው ድረስ መጥተው ጎተቱኝ። መሬቱ ታርሶ አልቋል፤ የድንቹ ዘር አቆጥቁጧል፤ የቀረው ማዳበሪያ ብቻ ነው። ሳምንቱ ካለፈ ያ ሁሉ ድካም የአይጥ ቀለብ ሆኖ መቅረቱ ነው።

እኔ ደግሞ ገጣሚ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ ያስተማረኝ ቢኖርም ይክድ ነበር። በርሜል ላይ ወጥቼ፣ ድምፄን ሞርጄ፣ ለተሰበሰበው ገበሬ ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ የፀጉር አስተካካዩ ስም መጣ።

«ምን ሊዘራ ነው? ፀጉር?» አለ አንዱ ገበሬ።

ቀጥሎ የእንጅባራው ባጃጅ ሾፌር።

«ባጃጇ ዩሪያ መጠጣት ጀመረች እንዴ!»

ሰባተኛው ላይ ስደርስ አንገቴን አስግጌ ደግሜ አየሁት።

«ምን ሆንክ? አንብብ እንጂ!»

«…እኔ ነኝ። ሁለት ኩንታል። ሥራ፦ ገጣሚ።»

ይኼን ጊዜ አንድ ሽማግሌ በአዊኛ የተናገሩትን ጋዜጣ ስለማያትመው ልለፈው።

«የእኔስ?» አሉ አባቴ።

እስከ መጨረሻው ወረድኩ። እንደገና ወጣሁ። «የሉም፣ አባ።»

ተያይዘን የቀበሌው ጸሐፊ ቢሮ ገባን። ሰውየው ፈገግ አለ። «ዝርዝሩ የተገለበጠው ከስብሰባው የስም መቆጣጠሪያ ላይ ነው። ስለ ግልጽነት ውይይት ጠርተን አልነበር? የመጣ ተመዘገበ፣ ያልመጣ ቀረ።»

«ልጄ፣ እኔ ያን ቀን እያረስኩ ነበር። እሱን የላክሁት በእኔ ቦታ እንዲሰማ ነው» አሉ አባቴ።

«እንዲያ ከሆነ የእርስዎን ስም ያስመዘግብ ነበር።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ምን ላድርግ ታዲያ? እስቲ እናንተ ፍረዱኝ! ሥራህ ምንድን ነው ብሎ ወረቀት ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነው። «ገጣሚ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ፤ ፊርማዬ ብቻዋን የሦስት ሰው መስመር ያዘች። ባጃጅ ሾፌሩማ የገባው ዝናብ ሊያሳልፍ ነበር!

«የእኔን ለእሳቸው ስጧቸው!» አልኩ።

«ለሌላ ማስተላለፍ ክልክል ነው።»

«አባቴ እኮ ናቸው!»

«ዘመድ ከሆኑማ ጭራሽ አይሆንም። አድልዎ ይባላል። ቅሬታ ያለው ሐሙስ ስብሰባ ስላለ ይምጣ፤ የመጣ ይመዘገባል።»

አባቴ ዱላቸውን አንስተው ወጡ። ሐሙስ ግን በሩ ሳይከፈት ደርሰው፣ ኋላቸው የአገሩን ገበሬ አሰልፈው ቆመዋል።

«ሥራ?» አለ ጸሐፊው።

«ገጣሚ ብለህ ጻፍ።»

«እርስዎ ገበሬ አይደሉም እንዴ?»

«ገበሬ ሆኜማ አየሁት!» ብለው አውራ ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነከሩ። ኋላቸው የተሰለፉትም ተራቸው ሲደርስ ያችኑ ቃል አሉ።

አዲሱ ዝርዝር በማግስቱ ተለጠፈ፤ እዚያው ጣሪያ ሥር። በርሜሏ ላይ ወጥቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። በቀበሌያችን ዛሬ አንድም ገበሬ የለም፤ ሁላችንም ገጣሚዎች ነን።

ድንቹ ግን አምሮበታል።