የምስጢር ጠባቂ ኮሚቴው ብቸኛ ተጠቃሚ

በዚያ የውሃ መሥሪያ ቤት ለሠራተኛ የሚታሰበውን ያህል የትም አይታሰብም። አንድ ማለዳ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሁሉ ግቢ ውስጥ ሰብስበው፣ በሱስም ሆነ በቤት ጣጣ የተያዘ ባልደረባ ከእንግዲህ ብቻውን እንደማይብሰለሰል፣ መሥሪያ ቤቱ አባትም እናትም ሆኖ እንደሚደርስለት፣ ጉዳዩም በጥብቅ ምስጢር እንደሚያዝ አበሰሩ። ንግግሩ ረዘመ፣ ፀሐዩም ጠነከረ፤ አንዲት ጸሐፊ ራሷን ስታ ወደቀች። ሥራ አስኪያጁ ልቧ ተነክቶ ነው ብለው አመሰገኗት።

በምስጢር አጠባበቅ በኩል ቸል የተባለ ነገር የለም። ምስጢርን አንድ ሰው ብቻውን ቢይዘው ማን ይቆጣጠረዋል? ስለዚህ ከየክፍሉ አንዳንድ ተወካይ ያለበት የምስጢር ጠባቂ ኮሚቴ ተቋቋመ። ተወካዩ ምስጢሩ በሚገባ መጠበቁን በዓይኑ ካረጋገጠ በኋላ ወደ ክፍሉ ተመልሶ፣ ምን ምን እንደተጠበቀ ለባልደረቦቹ ያስረዳል።

ይህን ሁሉ ቸርነት ከልቡ ያመነ አንድ ሰው ብቻ ተገኘ፤ ቆጣሪ አዳሹ። ሥራው ከየቤቱ ተነቅለው የመጡ የውሃ ቆጣሪዎችን ፈትቶ፣ ጥርሳቸው ላይ የጋገረውን ዝቃጭ በብሩሽ አጽድቶ መልሶ መግጠም ነው። እጁ የተመሰከረለት ነበር። አባቱ ከሞቱ ወዲህ ግን መጠጥ ለመደ፤ ሳይቀምስ ከመጣ ብሎን መያዝ ያቅተዋል፣ ቀምሶ ከመጣ ደግሞ ብሎኑ የት እንደሚገባ ይጠፋዋል። ሚስቱ ልጃቸውን ይዛ እናቷ ቤት ገብታለች። ስትሄድ አልጮኸችም።

«ከሚረዳህ ሰው ፊት ሄደህ ተቀመጥ፤ መጠጡን ተው። የዚያን ቀን እመጣለሁ» አለችው። «‹እተዋለሁ› የሚለውን ግን እንዳትነግረኝ፤ እሱን ጠግቤዋለሁ።»

ልጁ ናፍቃዋለች። እናም አንድ ቀን ጨክኖ ወደ ኮሚቴው ሄደ። ኮሚቴው የሚቀመጥበት ክፍል ለሁሉም እንዲታይ ተብሎ ደንበኞች የውሃ ሂሳብ ለመክፈል ከሚሰለፉበት መስኮት አጠገብ ነው፤ በሩ ላይ «የሱሰኞች መርጃ» የሚል ጽሑፍ ከአስፋልቱ ማዶ እንዲነበብ ሆኖ ተጽፏል። ኮሚቴው አንድም ሳይጎድል ተሟልቶ ጠበቀው። ሰብሳቢዋ የግዢ ክፍል ኃላፊዋ ናት፤ በምክር አገልግሎት ላይ አጭር ሥልጠና ወስዳ ቦርሳና እስክሪብቶ ተሰጥቷታል።

«ግባ ወንድሜ፣ አትፈር። እዚህ የተነገረ ከዚህ አይወጣም» አለችው። «በሩን ግን አትዝጋው፤ ግልጽነት መርሐችን ነው።»

«እጠጣለሁ» አለ።

«ድምፅህን ከፍ አድርገው፤ ቃለ ጉባኤ ያዡ አልሰማህም።»

«እጠጣለሁ» አለ ጮክ ብሎ።

«አይዞህ ልጄ» አሉት ሂሳብ ለመክፈል የተሰለፉ አንዲት አሮጊት።

ኮሚቴው በጉዳዩ ላይ በጥልቀት ከተወያየ በኋላ ሰውየው ሱሰኛ መሆኑን በአብላጫ ድምፅ አጸደቀ። ድምፀ ተአቅቦ ያደረጉት የተሽከርካሪ ክፍል ተወካይ ብቻ ናቸው፤ አብረውት ስለሚጠጡ የጥቅም ግጭት እንዳለባቸው በታላቅ ጨዋነት አሳወቁ።

«እርዳታውስ?» አለ ቆጣሪ አዳሹ።

«እርዳታው ይሄው ነዋ። ችግርህ ታወቀልህ።»

«ሐኪም ነገር የለም?»

«ሐኪም የዕቅዱ ሁለተኛ ምዕራፍ ነው። መጀመሪያ ኮሚቴው ይጠናከር።»

ከዚያ ወዲህ የመሥሪያ ቤቱ ፍቅር መድረሻ አሳጣው። ዘበኛው ጠዋት ጠዋት ትከሻውን አቅፎ አፉን ያሸተዋል። ሻይ ሲያዝዝ «ሻይ ነው ያልከኝ?» ተብሎ ይጠየቃል። ወደለመደው መጠጥ ቤት ቢሄድ ደግሞ ኮሚቴው ቀድሞት ክትትል ላይ ነው፤ እየጠጣ ይከታተላል። ሰውየው መግቢያ ቢያጣ አንድ ረፋድ ፈቃድ ጠይቆ ሰፈሩ ያለ ጤና ጣቢያ ሄደ። አንዲት ነርስ አስቀምጣ ሰማችው፤ ለሐኪም አሳየችው፤ መድኃኒት አስጀመረችው፤ በየሳምንቱ እንዲመለስም ነገረችው። ማንንም አልጠራችም። ጭንቅ ሳምንታት ነበሩ፤ አለፉ፤ እጁም ተመለሰ።

ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰሙ ደነገጡ።

«ተሽሎሃል ይባላል» አሉት አስጠርተው።

«አዎ ጌታዬ፣ ደህና ነኝ።»

«ማንን አስፈቅደህ?»

«ጤና ጣቢያ ሄጄ...»

«ፕሮግራሙን ሊያዩ እንግዶች እየመጡ ነው። ያለን ተጠቃሚ አንተ ብቻ ነህ። እነሱ እስኪመለሱ ብትታገሥ ምን ነበረበት? ለማንኛውም፣ አንተ ዝም ብለህ ተቀመጥ፤ የምትጠጣ መሆንህን እኛ እንናገርልሃለን።»

«ሚስቴ ልትመለስ ነው ጌታዬ። ብትሰማ...»

«ትሰማለች እንጂ፤ ጋብዘናታል።»

እንግዶቹ በመጡበት ዕለት ቆጣሪ አዳሹን ፊት ለፊት አበባ አስታቅፈው አስቀመጡት። ሚስቱ ልጃቸውን ይዛ ከኋላ ቆማለች። ሥራ አስኪያጁ ድምፅ ማጉያውን ነካ ነካ አደረጉት።

«ክቡራን እንግዶች፣ ይህ ወንድማችን ዛሬም ይጠጣል። ሚስቱ ጥላው ሄዳለች። እኛ ግን አልጣልነውም።»

ጭብጨባው ቀለጠ። ጭብጨባው ሳይበርድ ሚስቱ በመካከል አልፋ መጣች። ጎንበስ ብላ አፉን አሸተተችው። ዓይኑን አየችው። ደግማ አሸተተችው።

«ይሄ ሰውዬ አልጠጣም» አለች ቀና ብላ።

«እመቤቴ፣ ፕሮግራም ላይ ነን» አሉ ሥራ አስኪያጁ በሹክሹክታ፤ ድምፅ ማጉያው ግን ለሁሉም አደረሰው።

እሷ ባሏን ክንዱን ይዛ አስነሳችው። «ተነሥ፣ ቤታችን እንሂድ» አለችው። «እኔም እዚህ ብውል እጠጣ ነበር።»

ቆጣሪ አዳሹ ልጁን አቅፎ እያለቀሰ ወጣ። ሥራ አስኪያጁም ፕሮግራሙ ቤተሰብ ሲያስታርቅ እንግዶቹ በዓይናቸው ማየታቸውን ገለጹ፤ እንደገና ተጨበጨበ።

ሰኞ ሥራ ሲገባ ሰሌዳው ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘ። መሥሪያ ቤቱ በተጓደለው ተጠቃሚ ምትክ፣ ልምድ ያለው ሱሰኛ ከውስጥ አወዳድሮ ይቀበላል ይላል። ከኮሚቴው ክፍል በር የጀመረው ሰልፍ ሕንፃውን ዞሯል። ዘበኛው አለ፤ የተሽከርካሪ ክፍል ተወካዩ አሉ፤ ሰብሳቢዋ ቦርሳዋን ታቅፋ መሬት መሬት ታያለች።

«ተቀባይ የለም እንዴ?» አላት።

«ተቀባዮቹ እኛው ነን» አለች ቀስ ብላ። «ወረፋ ይዘን ነው።»

አንጀቱን በላችው። የጤና ጣቢያውን መንገድ ነገራት። ሰልፉም አዳመጠ።

«እዚያም ኮሚቴ አለ?» አለ ከፊት አንድ የታወቀ ድምፅ፤ የሥራ አስኪያጁ ነበር።

«የለም ጌታዬ።»

ሰልፉ ወረፋውን እንደጠበቀ ወደ ግቢው መውጫ ዞረ።