የሐጂ ከድር ድምፅና አዲሱ ሚክሰር

ማመስገን ላይ እንኳ ሰነፎች አይደለንም። ስንጠግብ፣ ስናስነጥስ፣ ሚኒባሱ ገደል አፋፍ ላይ ሲቆምልን፣ ሲናና እርሻ ላይ ዝናቡ በሰዓቱ ሲወርድ፣ አንዳችን «ተመስገን»፣ አንዳችን «አልሐምዱሊላህ» እንላለን። ሁሉም ወደ ላይ ነው። እዚሁ ምድር ላይ አጠገባችን ቆሞ «ይህን ሳይሆን ያንን ቁልፍ ተጫን» ያለንን ሰው ግን ስንቶቻችን ነን የምናስታውሰው? በማግስቱ «ድሮም አውቀው ነበር» ማለት እንጀምራለን። እናንተን ማለቴ አይደለም። ስለ ራሴ ነው የማወራው።

ሮቤ ውስጥ በአንድ የሠርግ አዳራሽ ድምፅ የማስተካክል ሰው ነኝ። ለሃያ ዓመት አብሮኝ የኖረው የድምፅ ማደባለቂያ፣ ሚክሰሩ፣ ለእያንዳንዱ ማይክ የራሱ ረድፍ፣ ለእያንዳንዱ ረድፍ የራሱ ቁልፎች ነበሩት፤ ዓይኔን ጨፍኜ እነካው ነበር። ባለፈው ዓመት ጭስ አወጣና ሞተ። የአዳራሹ ባለቤት በምትኩ ዲጂታል የሚባለውን፣ ባለ ስክሪኑን አመጡ።

«ደረጀ፣ ትችለዋለህ?» አሉኝ።

«ምን አለው!» አልኩ።

ምን እንዳለው ግን አላውቅም ነበር።

በዚያው ሳምንት ሐጂ ከድር ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ሐጂን በዚህ አካባቢ የማያውቃቸው የለም፤ ስንቱን የተጣላ አስታርቀዋል። ከሦስት ዓመት በፊት ጉሮሯቸውን ታመው ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ወዲህ ግን ድምፃቸው የወረቀት ኮሽታ ያህል ሆኗል። ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠጋሁ።

«የልጅ ልጄ ሠርግ እዚህ ነው። ዱዓ አደርጋለሁ፤ አንድ ሁለት ነገርም እናገራለሁ። ሰው ይሰማኛል ወይ?»

«ኢንሻአላህ ሐጂ፣ እኔ እያለሁ?» አልኳቸው። ከሄዱ በኋላ ስክሪኑን ሳየው የማውቀው አንድም ቁልፍ አጣሁ።

ይህን ሚክሰር የሚያውቅ ሰው ጎረቤት ከተማ ጎባ አለ። ሰውዬው ደግሞ ዘይነባ ናት። እዚህ ላይ የማፍርበትን ልንገራችሁ። ዘይነባ ከዓመታት በፊት ሮቤ መጥታ «ጋሽ ደረጀ፣ ይህን ሥራ ያስተምሩኝ» ብላኝ ነበር። «ይሄ የወንድ ሥራ ነው» ብዬ መለስኳት። እሷ አዳማ ሄዳ ተማረች፤ አሁን ጎባ በአንድ የስብሰባ አዳራሽ የድምፅ ክፍሉን የምትመራው እሷ ናት። ለሚስቴ «በሽተኛ ልጠይቅ ነው» ብዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። በሽተኛው እኔው ነበርኩ።

«አካም ጋሽ ደረጀ! ዛሬ ምን እግር ጣለዎት?» አለች።

እውነቱን ነገርኳት። ድሮ ያልኳትን ታነሳብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ወንበር ሳበችልኝ።

አምስት ቀን ከሰዓት በኋላ እየተመላለስኩ ተማርኩ። የመጀመሪያው ቀን አንድ ቁልፍ ስትነካ ድምፅ የሚጨምሩትና የሚቀንሱት ተንሸራታቾች ሁሉ በራሳቸው ሽቅብ ቁልቁል ሮጡ። «በስመ አብ!» ብዬ ከወንበሬ ተነሣሁ። ዘይነባ በሳቅ ፈረሰች። «እኔም የመጀመሪያ ቀን ቢስሚላህ ብዬ ሸሽቻለሁ። ገጽ ቀይሬ ነው። አሥራ ስድስት ተንሸራታች ነው ያለው፤ ማይኮቹ ግን ከዚያ ይበልጣሉ። በመጀመሪያው ገጽ ማይክ አንድ የነበረው፣ በሁለተኛው ገጽ ማይክ አሥራ ሰባት ይሆናል። ስለዚህ እጅዎ ከመንቀሳቀሱ በፊት የትኛው ገጽ ላይ እንዳሉ ይዩ።»

ሁለተኛው ትምህርቷ ደግሞ ይህ ነበር፦ «መጀመሪያ ከማይኩ የሚገባውን ድምፅ ያስተካክሉ፤ ወደ ሕዝቡ የሚወጣውን ቀጥለው። የሚገባው ካነሰ ተንሸራታቹን እስከ ጣሪያ ቢገፉት ከንቱ ነው።»

የሠርጉ ቀን አዳራሹ ሞላ። መድረክ መሪው ያለ ማይክም ጎባ ድረስ የሚሰማ ሰው ስለሆነ ከማይኩ የሚገባውን ድምፅ ቀነስኩለት። ሲጨርስ ማይኩን ዘጋሁና፣ ለዘፋኝ ሴቶቹ ማይክ ለማዘጋጀት ወደ ሁለተኛው ገጽ ሄድኩ። እዚያው ቀረሁ።

ሐጂ ተነሡ። ያንኑ የመድረክ መሪውን ማይክ ያዙ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። የመጀመሪያውን ተንሸራታች ገፋሁት። ከሞንታርቦው የወጣው ግን ድምፀ ወፍራም የሆነች የአንዲት ዘፋኝ ወሬ ነበር፦

«ሙሽራዋስ ማሻአላህ! የሙሽራው ሱሪ ግን አጥሯል። የወንድሙን ነው እንዴ የለበሰው?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሙሽራው ሱሪውን ወደ ታች ጎተተ። ሐጂ ግን አልሳቁም። ማይኩን ከአፋቸው አውርደው ያዩት ጀመር፤ ሊቀመጡም ከዘራቸውን ፈለጉ።

ያኔ የዘይነባ ቃል መጣልኝ። እጄን አነሣሁ። ስክሪኑን አየሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ነኝ! የሴቶቹን ማይክ ዘጋሁ፣ ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ፣ የሐጂን ማይክ ከፈትኩ። አሁንም ኮሽታ ብቻ። የሚገባው ድምፅ! ለመድረክ መሪው የቀነስኩትን ቀስ እያልኩ ከፍ አደረግኩት፤ ሞንታርቦው ሊያፏጭ ሲል ትንሽ መለስኩት። በእጄም «ሐጂ፣ ወደ አፍዎ ያስጠጉት» አልኳቸው።

«ቢስሚላህ» አሉ ሐጂ።

ከኋላ ወንበር ያሉት ሳይቀሩ ቀና አሉ። ሦስት ዓመት ያልሰሙት ድምፅ ነው፤ ሻካራ፣ ግን የእሳቸው። ልጃቸው ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ዱዓ አደረጉ። ቀጥለውም «ስትጣሉም ተነጋገሩ፤ ዝም መባባልን እኔ ሳልወድ ኖሬበት አይቼዋለሁ፣ ከባድ ነው» አሏቸው ሙሽሮቹን። ወደ ሙሽሮቹ አባቶች ዞረው ደግሞ «ለሠርግ የምታርዱትን ቀንሱ፤ የልጆቹን ጎጆ አቁሙበት» አሉ። እዚህ ላይ ጭብጨባው ትንሽ ቀዘቀዘ።

በማግስቱ ጠዋት ዘይነባ ጋ ደወልኩ። «ገላቶማ» ብዬ አመሰገንኳት፤ «ያኔ ላልኩሽም አፉ በይኝ።» «አፉ ብያለሁ፣ ጋሽ ደረጀ። አፉ ሳልልማ ወንበር አልስብልዎትም ነበር» አለችና ሳቀች። «የሱሪው ወሬ ግን ጎባ ገብቷል።»

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሐጂን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ያመሰግኑኛል ብዬ ጎንበስ አልኩ።

«ደረጀ» አሉኝ፣ «ድምፄ ከጠፋ ወዲህ ሰው ለምለው ሁሉ ‹እሺ ሐጂ፣ እሺ› ብቻ ነበር የሚለኝ። ለካ አይሰማኝም ነበር! በዚህ ሳምንት ግን ሦስት ሰው ቤቴ ድረስ መጥቶ ‹የእርዱን ነገር ተሳስተዋል› ብሎ ተከራከረኝ። አንዱማ ጮኸብኝ።»

«ይቅር ይበሉኝ» ልል ነበር። ሐጂ ግን እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ፊታቸው ሁሉ በራ።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ።